ቆርቆሮው ከመታጠሩ በፊት ጠይቁን!



ከተማ ውስጥ ስንሄድ «አላህ አያድርሰን» ብለን የምናልፋቸው ሦስት ቤቶች አሉ፤ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት፣ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ጣቢያ። ማንም ወዶ አይሄድባቸውም። ክፉ ቀን የመጣ ዕለት ግን የሰው ሕይወት፣ ክብርና ንብረት የሚወሰነው በእነዚህ ቤቶች ነው። ጠበው ከተሠሩ እንታፈናለን። ርቀው ከተሠሩ ሳንደርስ እንቀራለን። ያለ እኛ ምክር ከተሠሩ ደግሞ እኛም ልጆቻችንም ሌላ ሰው ባሰበልን ግድግዳ ውስጥ ለሃምሳና ለስድሳ ዓመት እንኖራለን።

ታዲያ እነዚህ ቤቶች ሲታቀዱ ማን ይጠየቃል? መቼስ ይጠየቃል? ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ይህን ነው። ነገሩን ከአሜሪካ እንጀምረዋለን። ምክንያቱም እዚያ ሕዝቡ በድምፅ፣ በስብሰባና በፍርድ ቤት ጭምር የተሟገተባቸው ሕንፃዎች ታሪክ ከነቀኑና ከነገንዘቡ ይታወቃል። ደግሞም ከሕንፃዎቹ አንዱ የቆመው የእኛው ወንድሞችና እህቶች ታክሲ በሚነዱበት፣ ምግብ ቤት በከፈቱበትና ልጆቻቸውን በሚያሳድጉበት ሰፈር ነው። ከዚያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።

ካውንቲ ማለት ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ከስቴት በታች ያለው የአስተዳደር እርከን ካውንቲ ይባላል። በአገሪቱ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች አሉ። በብዙ ቦታ ፍርድ ቤቱን፣ እስር ቤቱንና የ911 የአደጋ ጥሪ የሚቀበለውን ማዕከል የሚያሠራው ይኸው ካውንቲ ነው። እስር ቤቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው ሸሪፍም በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በካውንቲ እስር ቤት የሚቀመጠው ሰው አብዛኛው ገና ያልተፈረደበት ነው። ከሦስቱ ታሳሪዎች ሁለቱ ያህሉ ቀጠሮ የሚጠብቁ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ለዋስትና የሚያስይዙት ገንዘብ ያጡ ድሆች ናቸው። ስለዚህ የካውንቲ እስር ቤት ሲታቀድ የሚታቀደው ለወንጀለኛ ብቻ አይደለም። ነገ በስህተት ተይዞ ማክሰኞ ገብቶ ዓርብ ሊወጣ ለሚችል ሰውም ጭምር ነው። ያ ሰው የማንኛችንም ወንድም ሊሆን ይችላል።

ካውንቲዎች ፍርድ ቤቱን፣ እስር ቤቱንና የአደጋ ማዕከሉን በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ዕቅድ ለመሥራት ሲነሱ የሚሰጡት ምክንያት የሚያሳምን ነው። እስረኛን ከማረፊያ ቤት ወደ ችሎት በመኪና ማመላለስ ገንዘብ ይበላል፤ ለአደጋም ያጋልጣል። ፖሊሱ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውና ስልክ ተቀባዩ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይናበባሉ። መጠባበቂያ ጄኔሬተሩም አንድ ይበቃል። ነገር ግን ሦስቱ ሲጣመሩ አንዱ በሌላው ጥላ ሥር ይሸሸጋል። አንዳንዴ እስር ቤቱ ጥሩ ስም ካለው ሕንፃ ጋር አብሮ ያልፋል። አንዳንዴ ደግሞ ክርክሩ ሁሉ እስር ቤቱ ላይ ሲያልቅ ስለ አምቡላንሱና ስለ እሳት አደጋው የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል።

ሲያትል፦ ሕዝቡ ተጠየቀ፣ ግን ምን ተብሎ?

ሲያትል ከተማ የምትገኝበት ካውንቲ ኪንግ ካውንቲ ይባላል፤ ስሙም የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ነው። የካውንቲው የወጣቶች ፍርድ ቤትና ማቆያ የሚገኘው በ12ኛ ጎዳናና በኢስት አልደር መገናኛ ላይ፣ ጥቁሮች ለረጅም ዘመን በኖሩበት በሴንትራል ዲስትሪክት ዳርቻ ነው። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ከዚያ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው።

አሮጌው ሕንፃ አርጅቶ ነበር። ካውንቲው «ቤተሰቦች መቀመጫ የላቸውም፤ ልጆች ከጠበቃቸው ጋር ለብቻ የሚነጋገሩበት ቦታ የለም፤ ጥገናው አልቻለንም» ሲል ተከራከረ። ይህ እውነተኛ ችግር ነበር። እ.ኤ.አ በነሐሴ 2012 ለዘጠኝ ዓመት የሚሰበሰብ የንብረት ግብር፣ በጠቅላላው 210 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ሕዝቡም በአብላጫ ድምፅ አጸደቀው።

ስለዚህ «ሕዝቡ አልተጠየቀም» ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከድምፁ በኋላ በሰፈሩ ያሉ ወጣቶች፣ ወላጆችና አስተማሪዎች ተነሱ። ቅሬታቸው ይህ ነበር፤ «የተጠየቅነው ስለ ሕፃናትና ቤተሰብ የፍትሕ ማዕከል ነው፤ እየተሠራልን ያለው ግን ልጆች የሚታሰሩበት ቤትም ነው። እስር ቤት መሆኑ ፊት ለፊት ተነግሮን ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እንል ነበር።» በዚያ ማቆያ ከሚቀመጡት ልጆች ግማሽ ገደማ ጥቁሮች ነበሩ፤ በካውንቲው ካሉት ወጣቶች ግን ጥቁሮቹ ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ መዝገብ ደግሞ የእኛም ልጅ «ጥቁር» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ከወሎ መጣ፣ ከጅማ መጣ፣ ከሐረር መጣ ብሎ የሚለይለት ፖሊስ የለም።

ተቃውሞው ከንቱ አልቀረም። ካውንቲው የአልጋውን ቁጥር መጀመሪያ ከታቀደው ዝቅ አድርጎ 112 አደረሰው። እ.ኤ.አ በ2015 የሲያትል ከተማ ምክር ቤት ወጣቶችን ጨርሶ ወደማያስሩበት ግብ ለመሄድ ውሳኔ አሳለፈ። ክርክሩ በፍርድ ቤት ቀጥሎ እስከ ዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2018ም ለካውንቲው ተፈረደ። ሕንፃው በ2020 መጀመሪያ በዳኛ ፓትሪሻ ክላርክ ስም ተከፈተ።

ከወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ የካውንቲው አስተዳዳሪ ዳው ኮንስታንቲን በዚያ ሕንፃ ወጣቶችን ማሰር እስከ 2025 እንዲያበቃ እንደሚሠሩ አስታወቁ። እስኪ አስቡት! ለስምንት ዓመት የተከራከሩበት፣ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ማቆያ በተከፈተ በወራት ውስጥ «እንዘጋዋለን» ተባለ። 2025 መጣ፤ ማቆያው ግን አልተዘጋም። ግድግዳ አንዴ ከቆመ የራሱ ሠራተኛ፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ ጠበቃ ይኖረዋል። ለመሥራት ስምንት ዓመት የፈጀውን ለመዝጋት አምስት ዓመት አልበቃም።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። መጠየቅ ሁሉ መጠየቅ አይደለም። ሰው ሊጠየቅ የሚገባው ሥራው ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ጥያቄውም በስሙ ሊጠራ ይገባል። «እስር ቤት ልንሠራ ነው፤ ለስንት ሰው ይሁን? ባይሠራስ ምን እናድርግ?» ተብሎ የተጠየቀ ሕዝብ ተጠየቀ ይባላል። «የሕንፃው ቀለም ነጭ ይሁን ወይስ ቡናማ?» ተብሎ የተጠየቀ ሕዝብ ግን ታዳሚ ነው እንጂ አማካሪ አይደለም።

«አይሠራ!» ማለትስ ይበቃል?

ወጣት ስንሆን የሚቀናን «አይሠራ!» ማለት ነው። የሎስ አንጀለስን ታሪክ ያየ ሰው ግን ቆም ይላል። እዚያ የሚገኘው ትልቁ የወንዶች ማዕከላዊ እስር ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1963 ነው። አርጅቷል፣ ተጨናንቋል፣ የአእምሮ ሕሙማን ሞልተውበታል። ካውንቲው በምትኩ ሌላ ትልቅ ተቋም ለማሠራት የ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል አሰናድቶ ነበር። የአካባቢው ማኅበራትና የታሳሪ ቤተሰቦች «ሕመምተኛ ሐኪም እንጂ የብረት በር አይፈልግም» ብለው ተሟገቱ። በነሐሴ 2019 የካውንቲው ቦርድ ውሉን ሰረዘው።

ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን አሮጌው እስር ቤት ዛሬም ሰው ይዟል። የተባለው የሕክምናና የማረፊያ ቦታ በሚፈለገው ልክና ፍጥነት ስላልተሠራ፣ አዲሱን ያስቀረው ድል አሮጌው ክፍል ውስጥ ለተኛው ሰው ገና አልደረሰለትም። ስለዚህ «አይሠራ» የሚል ሰው ቀጥሎ «በምትኩ ይህ ይሠራ፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ውስጥ ያሉት እንዲህ ይያዙ» ማለት አለበት። አለበለዚያ ጩኸቱ የእኛ፣ ስቃዩ የእነሱ ይሆናል።

ሌላም አደገኛ ቃል አለ፤ «ይሠራ፣ ግን እኛ ሰፈር አይሁን።» ኒውዮርክ ውስጥ ራይከርስ የሚባል ደሴት ላይ ያለ እስር ቤት አለ። ደሴቱን ከከተማው ጋር የሚያገናኘው አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ቀኗን ሙሉ በአውቶቡስና በፍተሻ ታሳልፋለች። ጥቅምት 2019 የከተማው ምክር ቤት ራይከርስ ተዘግቶ በአራት የከተማዋ ክፍሎች፣ ከፍርድ ቤቶቹ አጠገብ፣ አነስ ያሉ እስር ቤቶች እንዲሠሩ ወሰነ። የአራቱም አካባቢዎች የማኅበረሰብ ቦርዶች ግን ከዚያ ቀደም ብለው በተሰጣቸው የምክር ድምፅ ተቃውመው ነበር። ከተቃወሙት መካከል «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለእስር ቤት ለምን?» የሚሉ ነበሩ፤ «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» የሚሉም ነበሩ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ታሳሪው ያስባል፤ ሁለተኛው ታሳሪውን ከዓይኑ ማራቅ ብቻ ይፈልጋል። እኛም አስተያየት ስንሰጥ በየትኛው ልብ እንደምንናገር ራሳችንን እንመርምር።

ግድግዳ ፍርድ አይሰማም

ኢስላማዊ ጉዳይ አይደለም የምትሉ ልጆች እንደምትኖሩ እናውቃለን። እስኪ ይህን እዩ። እ.ኤ.አ በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአርካንሳስ ስቴት የታሰረ አንድ ሙስሊም ግማሽ ኢንች ጺም የማሳደግ መብት እንዳለው በሙሉ ድምፅ ወሰነለት። አልሐምዱሊላህ፣ መልካም ፍርድ ነው። ነገር ግን ጺም በፍርድ ይፈቀዳል። ግድግዳ ግን አንዴ ሲሚንቶ ከፈሰሰበት ወዲያ ፍርድ አይሰማም። ውዱእ የሚደረግበት ውሃ፣ ለሰላት የሚቆሙበት ንጹሕ ቦታ፣ ሴት ታሳሪ ሒጃቧን ሳታወልቅ በሴት የምትፈተሽበት ክፍል፣ በረመዳን ስንቅ የሚገባበት መስኮት፤ እነዚህ ሁሉ ዲዛይን ላይ ካልተሳሉ በኋላ በማመልከቻ አይመጡም። ክርስቲያኑም የሚጸልይበት ቦታ ይፈልጋል። የታመመውም፣ ያረገዘችውም እንደዚሁ የሚያስፈልጋቸው አለ። ይህ የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ ሳይሆን የሰው ክብር ጉዳይ ነው።

ከታሪካችንም አንድ ነገር እናስታውስ። ኢማም ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን የመካ ሹም የነበሩት ናፊዕ ኢብኑ ዐብዱልሓሪስ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት ከሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ገዙ። ውሉ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ዑመር ከተስማሙ ሽያጩ ይጸናል፤ ካልተስማሙ ሰፍዋን አራት መቶ ይወስዳሉ። ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ቤቱ ከባለቤቱ በዋጋ ተገዛ እንጂ አልተነጠቀም። ሁለተኛ፣ ሹሙ «እኔ ወስኛለሁ» ብሎ አልጨረሰውም፤ ጉዳዩ ዳግም እንዲታይ በሩን ክፍት ተወ። በዚያ ዘመን የአንድ እስር ቤት ግዢ እንዲህ ከተጠነቀቁለት፣ ዛሬ በቢሊዮን ብር የሚሠራ ግቢ እንዴት ያለ ሹራ ይሠራል?

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እስር ቤትና የአደጋ ጊዜ ዝግጅት አንድ ጉዳይ መሆናቸውን እኛ ከአሜሪካ መማር አያስፈልገንም። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ል በቂሊንጦ እስር ቤት እሳት ተነሳ። መንግሥት ባመነው ቁጥር እንኳ 23 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ በቂሊንጦ የነበሩት ገና ቀጠሮ ይመላለሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሰው በተዘጋበት ቤት እሳት ሲነሳ መውጫው የት ነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ውሃው ከየት ይመጣል? እነዚህ ጥያቄዎች መጠየቅ ያለባቸው እሳቱ ቀን አይደለም፤ ፕላኑ በሚሳልበት ቀን ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ል ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጠለ። ብዙዎቻችን በዚያ ምሽት ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር ዕቃ ስናወጣ፣ የስልክ መብራት ይዘን ስንሯሯጥ ነበር። የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖቹ መግቢያ እንዳሳጣቸው ባለሥልጣናትም ተናግረዋል። የሰው የዕድሜ ልክ ላብ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ጣቢያው የት ይሁን፣ መንገዱ ስንት ሜትር ይስፋ፣ የውሃ መቅጃው በየስንት ርቀት ይተከል ተብሎ ነጋዴው፣ ተሸካሚውና የሰፈሩ ልጅ ቢጠየቅ ኖሮ ከማንም በላይ መልሱን ያውቅ ነበር። የትኛው ቅያስ በሸራ እንደተዘጋ፣ የትኛው በር ከውስጥ እንደሚቆለፍ የሚያውቀው እዚያ የሚውል ሰው ነው።

ስለ እስር ቤት ደጅም እኛ እንግዳ አይደለንም። ከ2004 ዓ.ል በኋላ የኮሚቴዎቻችን ቤተሰቦች በማዕከላዊ በርና በቃሊቲ ደጅ ስንቅ ይዘው የቆሙበትን ዘመን የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ወጣት በልጅነቱ ያስታውሰዋል። ፀሐይ ላይ የቆሙ እናቶች፣ በፔስታል የተቋጠረ ምሳ፣ ሕፃን ይዛ መቀመጫ ያጣች ሚስት። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ል ተዘጋ። የሰልፉ ትዝታ ግን አልተዘጋም። ያኔ የጠየቅነው ስለ ፍትሕ ነው፤ ልክም ነበርን። ነገር ግን አዲስ ጣቢያና አዲስ ችሎት በየከተማው ሲሠራ «የጠያቂ እናት የት ትቀመጣለች?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ስንት ነው?

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። እኛ ለመስጂድ ቦታ ጥያቄ ሲሆን በነቂስ እንወጣለን። ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ቀበሌ እንመላለሳለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን። ይህ ሐቃችን ነው፤ ማንም አይወቅሰንም። ስለ ፖሊስ ጣቢያ፣ ስለ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ስለ እሳት አደጋ ጣቢያ ውይይት አለ ሲባል ግን «የካድሬ ስብሰባ ነው» ብለን ሻይ ቤት እንቀመጣለን። አዳራሹን የሚሞሉት ሁልጊዜ የሚጠሩት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። ከዚያ ሜዳችን አንድ ማለዳ በቆርቆሮ ታጥሮ እናገኘዋለን፤ የዚያን ጊዜ እንጮኻለን። ቆርቆሮው ከታጠረ በኋላ የሚጮህ ሰው ግን ለነፋስ ነው የሚናገረው።

የአስተዳደሩም ጥፋት አለበት። ብዙ ጊዜ ውይይት የሚጠራው ሥዕሉ ተጠናቅቆ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሰው «በጣም ደስ ብሎናል» ብሎ እንዲያጨበጭብ ይጠበቃል። ጠንከር ያለ ጥያቄ ያነሳ ደግሞ «ልማት አደናቃፊ» ይባላል። ይህ መቅረት አለበት። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በክብር የመያዝ፣ በቤተሰቡ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። እነዚህ መብቶች ቦታ ይፈልጋሉ። የሚጎበኝበት ክፍል ካልተሠራ የመጎብኘት መብቱ የት ይፈጸማል? ፍርድ ቤቱ ከጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ 48 ሰዓቱ እንዴት ይከበራል? የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችንም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በሕግ የጸኑ ናቸው። አዲስ የፍርድ ቤት ግቢ ሲታቀድ ለእነሱ ችሎት፣ ለመዝገብ ቤትና ለባልና ሚስት የሽምግልና ክፍል ቦታ ተይዞላቸው እንደሆነ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ምን እንጠይቅ?

የሰፈር ውይይት ሲጠራ ባዶ እጃችንን አንሂድ። እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ይዘን እንግባ፦

1. ቁጥሩ ከየት መጣ? ለ200 ታሳሪ ነው ካሉን ለምን 200? ከእነዚያ ስንቱ ዋስ ቢፈቀድለት ቤቱ ሊውል የሚችል ነው?

2. ርቀቱ ስንት ነው? ምሳ ይዛ የምትመጣ እናት ስንት ታክሲ ትቀያይራለች?

3. መጠበቂያው የት ነው? ጥላ፣ መቀመጫ፣ ውሃና መጸዳጃ አለው? ተከሳሽ ከጠበቃው ጋር ሌላ ሰው ሳይሰማ የሚነጋገርበት ክፍልስ?

4. ሴቶችና ልጆች ተለይተው የሚያዙበት ቦታ አለ? አቤቱታ ይዛ የመጣች ሴት ከደበደባት ሰው ጋር በአንድ ወንበር እንዳትቀመጥ ምን ታስቧል?

5. ሰው እንደ እምነቱ የሚታጠብበትና የሚጸልይበት ቦታ አለ?

6. እሳት ቢነሳ መውጫው በስንት በር ነው? መኪናው ይገባል? በአቅራቢያው ውሃ መቅጃ አለ? የአደጋ ስልኩን የሚያነሳው ሰው የአካባቢውን ቋንቋ ያውቃል?

7. ከዚህ ስብሰባ በኋላ ማን ይወስናል? የተናገርነው ተጽፎ መልሱ መቼ ይነገረናል?

በተለይ ሰባተኛዋን አትርሱ። መልስ የማይመጣበት ውይይት ሰልፍ ነው። ሲያትል ውስጥ ቁጥሩን ወደ 112 ያወረዱት ሰዎች አንድ ቀን ጮኸው ወደ ቤታቸው የገቡ አልነበሩም። በየስብሰባው ሄደው፣ ቁጥር ቆጥረው፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ነው ያደከሙት። የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም፤ ግን ልጆች የሚዘጉባቸው ክፍሎች ቁጥር ቀንሷል። የተዘለለ ክፍል ሁሉ የአንድ ልጅ ሌሊት ነው።

«የባለሙያ ሥራ ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብረትና ሲሚንቶ የመሐንዲስ ነው። ደጁ ላይ የመቆምን ነገር ግን ከቆመው ሰው በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም። «መናገር ያስጠረጥራል» የሚልም አለ። በአንዳንድ ቦታ ይህ ስጋት መሠረት የለውም አንልም። ለዚህም ነው ብቻችንን ሳይሆን በጀመዓ፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጋር ሆነን እንግባ የምንለው። የእሳት አደጋ መኪና በር ሲያንኳኳ የማንን ሃይማኖት ነው የሚጠይቀው?

እስከዚያው ደግሞ ትንሿን ነገር ዛሬ እናድርግ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ አዲስ አበባ ለሆናችሁ የእሳትና አደጋ 939፤ እነዚህን በስልካችን፣ በእናታችን ስልክ፣ በሱቃችን ግድግዳ እንጻፋቸው። ከዚያ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቻችን ጋር ሆነን ወደ ወረዳችን እንሂድና በአካባቢያችን ምን ሊሠራ እንደታቀደ እንጠይቅ። ዛሬ የሚሳለው ፕላን ልጆቻችን አድገው ደጁ ላይ እስኪቆሙ ድረስ ይቆያል።

እኛ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቆርቆሮው ከመታጠሩ በፊት ጠይቁን። እናንተም ወጣቶች፣ የተጠየቃችሁ ዕለት አትቅሩ።

አላህ ያግራልን።